የጥፍር መቁረጫ

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ገበያው ሲፈታ፣
ሐይፋ ለሰንበቷ ሱቋን ስትዘጋ ቀስ በቀስ በተርታ፣
ከቁምስናው ምድር ቤት፣ አንድ አምፖል ከሚርገበገብበት፣
እንሰበሰባለን፣ ከረጢት ልንሞላበት።
ኮራዞን ስም ትጠራለች፣ በእጇ ቀይ እስክሪብቶ፤
አኽበረት ምስር ትሰፍራለች፣ እጅጌዋ ክንዷ ላይ ወጥቶ፤
አባ ጂርየስ ዘይት ይቆጥራል፤ አንድ ይጎድልበታል፤
እንደገና ይቆጥራል። አሁንም ይጎድላል።

አምና በዚህ መዝገብ ነበርኩበት እኔም፤
ቁጥር ዐሥራ ዘጠኝ፦ «ኤርጫፎ፤ ሥራ የለም።»
ዘንድሮ የሆቴል ወለል እወለውላለሁ፤
ስሜ ተሰርዞ ተሸካሚ ሆኛለሁ።
ከተቀባይ እስከ ሰጪ ያለው ርቀት
አንዲት የቀይ ቀለም ጭረት።

እውነቱን ልናገር፤
ከጭረቷ ወዲህ ይዞኛል ትንሽ የኩራት ነገር።
ከረጢት ስሸከም ደረቴ ይነፋል፤
በር ሳንኳኳ እጄ የአለቃ እጅ ይመስላል።

ጸሎተ ሐሙስ ለታ፣ ለሕፅበተ እግር፣
ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር።
ቤቴ ሁለት ጊዜ ታጥቤ ነው የሄድሁ፤
ተረከዜን በድንጋይ ፈትጌ፣ አዲስ ካልሲ ገዛሁ።
ሌሎቹም እንደዚያው፤ መቅደሱ ሳሙና ሳሙና ሸተተ፤
አባ ጂርየስ ንጹሕ እግር ሲያጥብ ዋለ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ጎበጠ።
ሲነሣ ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ሰማሁት፤
እንደ ደረቅ እንጨት። ረሳሁት።

ከትንሣኤ ቀጥላ ባለችዋ ዓርብ
ዋዲ ኒስናስ ደረሰኝ፤ የእመት ሙንታሃ ቤት።
ከመንገዱ እስከ በሯ መቶ አርባ ሁለት ደረጃ።
ስልሳኛው ላይ አንድ ዓይና ድመት ተኝታለች፤
ዘጠናኛው ላይ ትንፋሼ አለቀ፤
ከዚያ በላይ የቆጠርኩት በልቤ ነው፣ በእልህ።

በሯ ገርበብ ብሎ ነበር። «አህለን» አለችኝ ከአልጋዋ ጫፍ።
ዕቃውን እያወጣሁ ጠራሁላት በተሰባበረ ዐረብኛ፦
ሩዝ፣ ምስር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሁለት ሰርዲን።
አላየችውም።
ምድጃዋ ላይ የጎረቤት ሾርባ ይንተከተክ ነበር።
መሳቢያ ስባ አንድ ነገር አወጣች፤
የጥፍር መቁረጫ።
ወደ እግሯ ጠቆመች።
«ወገቤ እምቢ አለኝ» አለች፤ «ከገና ወዲህ።»

እግሯ እንደ ወይራ ሥር የተጣመመ፣
ተረከዙ የተሰነጠቀ፣
የአውራ ጣቷ ጥፍር እንደ በግ ቀንድ ዞሮ
ሥጋዋ ውስጥ የዘለቀ።
ለሥርዐት ያልተሰናዳ እግር። ካልሲ ያልተገዛለት።

«እኔ ተሸካሚ ነኝ» ልል ነበር።
«ይህ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም» ልል ነበር።
ሰዓቴንም አየሁ፤ ሌላ ሦስት ቤት ይጠብቀኛል ለማለት፤
ውሸት። የመጨረሻዋ እሷ ነበረች።

ታዲያ ያ ጉልበት ተንቋቋ፤ ጆሮዬ ውስጥ።
ውኃ ለብ አደረግሁ፤ ሳፋ ፈለግሁ፤
የሽንኩርት ሳፋዋን ሰጠችኝ፤ ተንበረከክሁ።
ጥፍሩ ቶሎ አይቆረጥም፤ መራስ አለበት፤
እስኪርስ የምንነጋገርበት ቋንቋ አልነበረንም፤
ዝም አልን፤ ውኃው ብቻ ቀዘቀዘ።

ስቆርጥ አንዱ ጥፍር ተፈናጥሮ ጉንጬን መታኝ፤
ሣቀች፤ ጥርስ በሌለው ድድ፣ እስክታስል።
እጇንም አናቴ ላይ አሳረፈች።
ለቡራኬ አይደለም፤ እንዳትወድቅ ነው የያዘችኝ።
እኔም አንገቴን አላነቃነቅሁም።

ስወጣ ከከረጢቱ አንድ ሰርዲን መዝዛ
ኪሴ ውስጥ ከተተች። «ከስተሃል» አለችኝ።
ልመልስላት ስል እጄን በጥፊ መታች።
መቶ አርባ ሁለት ደረጃ ወረድሁ፣ ኪሴ ከብዶ፣
እንደ ተቀባይ።

በሳምንቱ መቁረጫ ገዝቼ ለኮራዞን አሳየኋት፤
«ዝርዝሩ ውስጥ ጻፊው» አልኋት፣ እንደ አዲስ ግኝት፣
እንደ ነቢይ ቢጤ።
ቀና ሳትል ቦርሳዋን ከፈተች፤
ከመቁጠሪያዋና ከአውቶቡስ ካርዷ መሐል
አንድ መቁረጫ አወጣች፤ ብረቱ ነጥቶ፣ መያዣው ተበልቶ።
«ስንት ቤት?» አልኋት።
ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ቀጣዩን ስም ጠራች፤
እኔም ከረጢቱን አነሣሁ፤
አዲሱ መቁረጫዬ ኪሴ ውስጥ
ከሰርዲኑ ጋር ይንኳኳ ነበር።