ሁለት መደብ

አቃቂ ዳር ለሚያርስ፣ ለእንደኔ ገበሬ፣
ቀን መቁጠሪያው ወንዝ ነው፣ አይሻም ሌላ ወሬ፤
ሰኞ ሰማያዊ፣ ማቅለሚያው ሲደፋ፣
ረቡዕ ቆዳ ቆዳ፣ ዓርብ ነጭ አረፋ።
ሞተር አስነሥቼ የመጣውን ሁሉ አጠጣለሁ፣
ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ደረስ ሲል እቆርጣለሁ፤
ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት አይሱዙ ይጭናል፤
ከተማ የደፋውን ከተማ ይበላል።

አባቴ ወንዙን ለከብት እንጂ ለእርሻ አልፈለገውም።
ክረምቱ ሲወጣ፣ መረሬው ሳይሰነጠቅ፣
ሽምብራ ይበትናል፤
በቀረችው እርጥበት፣ በጤዛ ይደርሳል።
ጤፍ ሲታጨድ ደቦ፣ ሲወቃም ደቦ፣
እነሹሚ ከላይ፣ እነቱሉ ከታች፣ መንደር ተሰብስቦ።

ሰላጣ ደቦ አያውቅም።
በአርባ ቀን ይደርሳል፣ ባንድ ሌሊት ያልቃል፤
አራሚው የቀን ሠራተኛ ነው፣ ስሙን ማን ይጠይቃል?
ሹሚ ማሳ ላይ ኮንዶሚኒየም በቀለ፤
ሹሚም ዘበኛ ሆኖ በሩ ላይ አለ።
ከተያየን ቆየን፤
የሕንጻው እጣቢ ግን በየማለዳው ቁልቁል ይወርድልኛል።

ከጓሮዬ ደግሞ አንዲት መደብ አለች፣
ከጉድጓድ፣ በባልዲ፣ ንጹሕ የምትጠጣ፤
ሚስቴ ጎመን ስትሻ ከዚያች ነው የምታመጣ።
በሁለቱ መደብ መሐል አርባ ርምጃ ነው።
ስለሱ አናወራም።

አምና አንዲት ልጅ ጓንት አጥልቃ መጣች፤
ወንዙን በጠርሙስ ቀዳች፣ አፈሩን በላስቲክ ቋጠረች።
«እናንተስ ትበሉታላችሁ?» ስትለኝ፣ ዞር ብዬ፣
የጓሮዋን መደብ ሸፈንኳት በጥላዬ።

ሁዳዴ ሲጋመስ ልጄ ሶሬቲ ጠራችኝ፣
ሳሪስ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከባሏ ቤት።
እጄን ልታጠብ ማጀት ብገባ፣
ከሳፋው ጠርዝ ላይ የጆንያ ክር አየሁ፣
ወደ ግራ የተቋጠረ።
ግራኝ ነኝ። እንዲያ የሚቋጥር በወንዙ ዳር
ከኔ ሌላ አልነበረ።

ማዕዱ ቀረበ። የልጅ ልጄ ቦንቱ
ጉንጯ እስኪነፋ ጎርሳለች፤
«ብላ እንጂ አባባ፣ ለምለም ነው» ትለኛለች እናቷ፣ እየጠቀለለች።
ምን ልበል?
ጎረስኩ። አላመጥኩ።
«ጨው አነሰው እንዴ?»
«ኧረ ደህና ነው» አልኩ።

ረቡዕ ረቡዕ ይላል።