በደወሉ ላይ ያለ ስም

በቬዘር ወንዝ ዳርቻ፣ ቁጥር ሰባት ቤት ላይ፣
አንድ ስም ተቀርጿል ከደወሉ በላይ፤
ኩምኒትሃይም ይላል።
ፖስተኛው ሲያነበው ምላሱ ይጉላላል፤
የመድን ድርጅቱም ደብዳቤ በላከ ቁጥር
አንዷን ፊደል ሲገድፍ፣ ሌላዋን ሲጨምር።

ኦትሊንደ ግን ለምዳ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመት
ፊደል በፊደል ስትቆጥርላቸው ኖራለች በትዕግሥት።
ወንድሟ ቮልፍሃርት ልጅ ሳይወልድ አለፈ፤
የእህቷም ዘር በባል ስም ሌላ መዝገብ ተጻፈ፤
ስሙ እሷ ጋ ቀረ፣ ያለ ተረካቢ።

ፍቺውን ስትፈልግ ገና በልጅነት፣
"ተራራ ነው" አላት አስተማሪዋ፣ ካርታ ላይ ጣቱን ሲያንከራትት።
ካርታው ግን ተራራውን አያውቀውም።
"ተራራስ አይደለም!" አለች አክስቷ ሂልትሩድ፣ ድንች እየላጠች፣
"ሰካራም ነበረ ምንጅላታችን" ብላ ሳቀች፤
"ቢራ ቤት እያደረ፣ ሚስቱ በር ላይ ቆማ
የለፈፈችው ነው፣ ጎረቤት እንዲሰማ።"
እውነትም በድሮው የገጠር አነጋገር፣
ቃል በቃል ሲፈታ፣ ሲመነዘር፣
"ቤት አይመጣም" ነው።

ባለፈው መከር፣ ጉልበቷን እየረገመች፣
የደብሩን መዝገብ ቤት ደረጃ ወረደች።
መጽሐፉን አወጡላት፤ ጥጉን አይጥ የበላው፣
የሠላሳው ዓመት ጦርነት ባለቀ ማግሥት የተጻፈ፣
ቀለሙ እንደ ሻይ የቀላው።
ቄሱ እንዲህ ይላል፦
ረሃብ ያጠወለገው፣
ስድስት ዓመት ቢሆነው፣
አንድ ልጅ በመልካው መጣ።
"የማን ልጅ ነህ?" ብዬ ጠየቅሁት።
ወደ ወንዙ አየና፣
"ቤት አይመጣም" አለ።

ብዕሩ ተነክሯል፤ ቀለም አይጠብቅም።
ቄሱ የጠየቀው ስም፣ ልጁ የነገረው ወሬ፤
ጻፈው።
ስም ሆኖ ዘለቀ ከዚያ እስከ ዛሬ።

ወፍጮ ቤት፣ ጀልባ ላይ፣ ባቡር ሐዲድ ጠብቀው፣
አሥራ ሁለት ትውልድ፣ በዚህ ስም ታውቀው፣
ማታ ማታ በረዶውን ከጫማቸው አራግፈው
ገቡ ሁሉም ከቤት፤
ከአንዱ በቀር፣ የወታደር ኮት
ለብሶ ኮሞዲኖዋ ላይ፣ ፍሬም ውስጥ ካለው።

ኦትሊንደ መነጽሯን አወለቀች።
ከጦርነቱ በኋላ፣ አንደኛ ክፍል ሳለች፣
"ያባትሽ ስም?" ተብላ ከመቀመጫዋ የተነሣች ለት
ትዝ አላት።
"ኩምኒትሃይም" አለች፤
ተቀመጪ አሏት፤ ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሄደች ከድንጋይ ጠራቢው ዘንድ።
"በፊደል ነው ዋጋው" አላት፣ እጁን በጨርቅ እያበሰ፤
"በኛ ፊደል አስር! ረዘመ፤ ብናሳጥረውስ?"
"አንዷም አትጎድል" አለች።
ቀብድ ከፍላ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣
ሳይመሽ ቤቷ ገባች።