እጀታ ለጣፊዋ

ዛሬም ዘነበ ሎንግተን ላይ። ከመጋዘን መጣሁ፣
ካፖርቴን ሳላወልቅ ከፖስታዎቹ ፊት ተቀመጥሁ።
ሁለት ናቸው ወረቀቶቹ፣ ሁለት ጡረታዎች፣
አንድ ግድግዳ እንደሚጋሩ የተኳረፉ ጎረቤቶች።

አሮጌው ከኮርቢሾው ነው፣ ከሸክላ ፋብሪካ፣
ሃያ ሁለት ዓመቴ በሲኒ እጀታ ሲለካ፤
"ስድሳ አምስት ሲሞላሽ በየወሩ መቶ አርባ ሦስት ፓውንድ፣
እስክትሞቺ ድረስ" ይላል። ቃሉም ትርጉሙም አንድ።
ዳቦ ሲወደድ እሱም ጥቂት ይጨምራል፣
ብቀድመው ግማሹ ለሮይደን ያልፋል።

አዲሱ የመጋዘኑ ነው፤ ስልኬ ውስጥ ይኖራል፣
ጠዋት አረንጓዴ ነው፣ ማታ ቀይ ይሆናል፤
ገበያው ሲስቅ ይስቃል፣ ሲያስነጥሰው ይታመማል።
ቃል አይሰጥም፤ ተስፋ መስጠት ግን ያውቅበታል።

"አዋህጂያቸው" አለኝ ናዚም፣ የፈረቃ አለቃዬ፣
ከባድ ሳጥን ሲመጣ ፈጥኖ የሚያነሣ በፈንታዬ፤
"ሠላሳ አንድ ሺህ ይሰጡሻል አሮጌውን ብትለቂ፣
አንድ ቦታ፣ አንድ ቁጥር። ከዚህ በላይ ምን ትጠብቂ?"

ሠላሳ አንድ ሺህ!
እንዲህ ያለ ቁጥር ስሜ አጠገብ ቆሞ አያውቅም።
ደግሜ አነበብኩት፤ ደግሜም አልቀነሰም።
ሌሊቱን ሙሉ ሸመትኩበት፦ ጣራውን አደስኩ፣
ለሮይደን ጉልበት ወረፋ የሌለው ሐኪም ቀጠርኩ፣
ዌልስ ባሕር ዳር ተጎታች ቤት ገዛሁ፤ ሲነጋ ሸጥኩ።

የቆጡን ላወርድ ስንጠራራ የብብቴ ቢወድቅስ?
የብብቴስ ቢሆን፣ ሳላየው ተሸርሽሮ ቢያልቅስ?
ፋብሪካው የለም እኮ፤ ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ሆኗል፣
የፈረሰ ቤት የገባው ቃል እንደምን ይታመናል?
ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ዜማ፤ ከዚያ አንዲት ልጅ መጣች፣
"ገንዘቡ ከፋብሪካው ተለይቶ ነው የተቀመጠው" አለች።

ስለዚህ የተረፈው ይኸ ነው፤ ምድጃው ፈርሶ፣ ጭሱ በንኖ፣
የኮርቢሾው ስም በየሚያዝያው ይመጣል ደብዳቤ ሆኖ።
የአባል ቁጥሬም ያው ነው፣ በሰዓት ካርዴ ላይ የነበረው፣
አራት ሺህ ዘጠና፤ ጠዋት ጠዋት የበሩ ማሽን የሚነክሰው።

ስለ ገበያ አላውቅም። ስለ መለጠፍ ግን ጠይቁኝ፣
በቀን ስድስት መቶ እጀታ ናቸው ያስተማሩኝ፦
ሲኒው ደርቆ እጀታው እርጥብ ከሆነ አይጋባም።
ያሳየችኝ ቤሪል ናት፤ አውራ ጣቷ ጥፍር አልነበረውም፤
"ሲለጠፍማ ያምራል" ትል ነበር፣ "ያን ጊዜ ማንም አያይም፤
የሚናገረው እሳቱ ነው። እሳት ደግሞ አይዋሽም።"

ቤሪል ስድሳ አራት ሳይሞላት ሄደች፤ አንድ ሳንቲም አልበላችም።
ይህን በየትኛው ዓምድ እንደምጽፈው አላወቅሁም።

መሳቢያ ስጎረጉር ደግሞ ሦስተኛ ወረቀት አገኘሁ፣
ከዳቦ ቤቱ፤ ሦስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ሠርቼ የረሳሁ።
ሁለት ሺህ ከምናምን፤ ቃል የሌለው፣ በገበያ የሚዋዥቅ፣
ከመጋዘኑ ጋር አንድ ጭቃ፣ አንድ እርጥበት፤ ቢለጠፍ የማይላቀቅ።
እሱን አዋሃድኩ።
ጣቴ አልተንቀጠቀጠም፤ ፈረምኩ።

የኮርቢሾውን ቅጽ አጠፍኩ፤ አጠፍኩ እንጂ አላጠፋሁም።
እምቢ ማለቴ ነው ወይ? ቀኑ እስከ ጥር ነው፤ አልቸኮልሁም።

ሮይደን እያነከሰ ሻይ አመጣልኝ፣ በዚያው በኔ ሲኒ፣
"ምን ወሰንሽ?" አላለኝም፤ "ስኳር አልቋል" ብቻ አለኝ።
ሲኒው የሠርጋችን ሰሞን ከፋብሪካው ይዤው የወጣሁት ነው፤
ጠርዙ ተሸርፏል፣ ወርቁ ለቋል፣ ያላጠበው የለም።
እጀታውን ጎተት አደረግሁት።
ንቅንቅ አላለም።