ጃንጥላው ሲገለበጥ

በርገን ዝናብ አይወርድም፤ ከጎን ነው የሚመጣው፤
ጃንጥላ የዘረጋን ነፋስ ነው የሚቀጣው።
ድልድዩ አናት ላይ የእኔም ተገለበጠ፤
ሆዱ ወደ ሰማይ፣ አጥንቱ አገጠጠ።

ምድር ቤት ስገባ ስቫንሂልድ አየችኝ፤
አልሳቀችም። ተቀብላ፣ አዙራ አሳየችኝ፦
«አሞንያም እንዲህ ነው። ሦስት እግር፣ አንድ ራስ፤
ራሱ በእግሮቹ መሀል ሲሾልክ፣ ሲመለስ፣
ሲገለበጥ፣ ሲቃና፤ ነፋስም አያሻው፤
በሰከንድ ሃያ አራት ቢሊዮን ነው ልማዱ፣ ዕጣው።
ከዚህ ምት የገጠመ ማይክሮዌቭ ከመጣ
ጎንጨት ያደርግና፣ ቀሪው ነው የሚወጣ።»

ጋኑ ወፍራም ብረት፣ ሰው ያህላል ቁመቱ፤
ብሎኑ ሃያ ስምንት፣ በእጇ ነው ጥብቀቱ።
ሃይድሮጅን ሞላችው፣ ሂሊየም ጨመረች፣
አሞንያ ለቅመም ያህል ቆነጠረች።
ይኸው ጁፒተር፣ ከደመናው ሥር ያለው፤
ጎማው ሲላላ ዓይን የሚያስለቅሰው።

ግፊቱን ከፍ አደረገች።
ማያው ላይ እንደ ፉጨት የቀጠነው መስመር
ሲገፋ፣ ሲጋፋ፣ ክርን ከክርን ሲማታ
ወፈረ፣ ተዘረጋ፣ ተንጣለለ፤
እንደ ወደቡ የዓሣ ገበያ
ማን ምን እንዳለ አይለይም።

በአንዱ ጫፍ ላክን፤ በሌላው ተቀበልን፤
መቶ ነበር የላክነው፣ ሰማንያ ቆጠርን።
«ሃያው የት ገባ?» አልኩ።
«እሱን ጠይቅ፤ የደረሰውን ተወው።
የጁፒተር ሙቀት ከጥልቁ ሲነሣ
ኬላ ላይ አሞንያ አለ፣ ቀረጥ የማይረሳ።
መንኮራኩር የሚሰማው የተረፈለትን፤
ጋኑ ነው የሚነግረን የታሪፉን መጠን።»

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ደመናው ሲከፈል፣
ኡልሪከን ጫፍ ላይ ጁፒተር ብልጭ ሲል፣
ሮጥኩ፤ «ውጪ ነይ!» አልኩ፤ «ሠላሳ ዓመትሽ ነው፤
በዚህ ዝናብ አገር ስንቴ ነው ያየሽው?»
ዓይኗ ከመርፌው ላይ ንቅንቅ አላለም፦
«ሙቀቱ ገና ነው፤» አለች፣ «አልረጋም።»

ብቻዬን ወጣሁ። በተሰበረው ጃንጥላ አጥንቶች መሀል
አንድ ነጭ ነጥብ፤ ዝም ብሎ ያያል።

ስመለስ፣ እርሳሷን ልሳ፣ የጻፍኩትን ሰረዘች፤
«ሃያ አይደለም» አለች፤
ሃያ አንድ ብላ ጻፈች።