አቅም፦ ሦስት ሰው

ፖርቶ ላይ፣ ከወንዙ ሽቅብ ባለው መንገድ፣
ደረጃው አድካሚ፣ ጠባብ እንደ ገመድ፣
አሳንሰር ጠጋኞች አምስት ነን በቢሮ፤
መስኮታችን ያያል የጎረቤት ጓሮ።
የምንሠራበት ፎቅ አሳንሰር የለውም፤
ደንበኛ ይስቃል፤ እኛን አይደንቀንም።

ግራሲንዳ ስልኩን፣ ቴልማ ሒሳቡን፣
አዴሊኖ ደግሞ የመኪና ቁልፉን፣
እኔ ቀጠሮውን፣ ቤልሚሮ አለቅነቱን፣
ተከፋፍለን ይዘን እንገፋለን ቀኑን።

የከተማው ጓዳ፣ የሁሉም ፎቅ ምሥጢር፣
የላላው ገመድ፣ የሚያቃስተው በር፣
የቁልፉ ቁጥር፣ ያልተከፈለው ብር፣
በአንድ መዝገብ ውስጥ ነው፤ መዝገቡም ኮምፒውተር።
ግን ያ ፕሮግራም ሲገዛ በርካሽ፣
ፈቃዱ ለሦስት ነው፤ አራተኛዋ፣ ተመለሽ።
"የተጠቃሚ ልክ ሞልቷል" ይላል በቀይ ቀለም፤
ከሦስተኛው ወዲያ ለእርሱ ሰው የለም።

ስለዚህ ቢሯችን አንድ ልማድ አወጣ፤
መግባት የፈለገ ይጮኻል፦ "ማን ይውጣ?"
"ቆይ፣ ደረሰኝ ላትም።" "አንድ ደቂቃ፣ መጣሁ።"
"ቴልማ፣ ወጣሽ ወይ?" "አሁን፣ አሁን ወጣሁ።"

ፈቃድ ምን እንደሆን እኔ አውቀዋለሁ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ተሰልፌበታለሁ፤
በቁጥር ተጠርቼ፣ በመስኮት ታይቼ፣
"ነገ ነይ" ተብዬ፣ ነገንም መጥቼ፣
የመኖሪያዬን ካርድ የያዝሁ ዕለት ማታ
"በቃ" ብዬ ነበር፣ "አልለምንም ቦታ።"
ለካ ሌላም አለ፣ ማኅተም የሌለው በር፤
ፓስፖርት የማያይ፣ ጭንቅላት የሚቆጥር።

በኅዳር አንድ ዓርብ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
ስልክ ጮኸ፤ አንድ ድምፅ በርቀት የጠፋ፦
"ኤቫሪሽቶ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነበርሁ፤
ከአራትና ከአምስት ፎቅ መሃል ቀረሁ።
ግማሽ ኪሎ ሰርዲን በከረጢት ይዣለሁ፤
ሽታው ሳይገድለኝ ድረሱ እላለሁ።"

አዴሊኖ መፍቻውን አንሥቶ ጠየቀ፦
"የማሽን ክፍሉ ቁልፍ?" የኔም ጣት ደረቀ።
ቀዩ ጽሑፍ ወጣ።
"ማን ይውጣ?" ስል ቴልማ ወጣች፤ ፕሮግራሙ
ወንበሯን አልለቀቀው፤
አሥር ደቂቃ እስኪቀዘቅዝ ነው የሚጠብቀው።
ቤልሚሮ ምሳ ላይ፣ ክፍሉን ቆልፎ፣
ስሙ ብቻ ገብቶ ተኝቷል አርፎ።
ሦስተኛው ያ ልጅ ነው፣ በሰኔ የለቀቀ፤
ማሽኑ ግን ዛሬም ቦታ እንደጠበቀ።

ግራሲንዳ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ
ደብተር አወጣች በሳንቲም የተገዛ።
"ሰባት መቶ አሥራ ሁለት" አለች፣ ሳታይ ገና፤
ኋላ ገልጣ አየችው፤ ልክ ነበረና።
ደብተር ፈቃድ አይሻም፣ ደብተር ልክ የለውም፤
ጎንበስ ብሎ የሚያየውን ዐይን አይቆጥርም።

ሽማግሌው ወጡ በሃያ ደቂቃ፤
ሰርዲኑን ለአዴሊኖ፦ "ውሰደው፣ በቃ።"
እርሱም ሲመለስ አለ፦ "እዚያ ሳጥን ውስጥ
አንዲት ናስ አለች፤
'አቅም፦ አራት ሰው' ትላለች።
ይገባኛል፤ ገመድ ነው። ይኸኛው ከምን ተፈተለ?
አራተኛ ብንገባ ምን ሊበጠስ አለ?"

ሰኞ ሻጭ መጣ።
"በነፍስ ወከፍ" አለ፣ "በየዓመቱ ክፍያ።"
ቴልማ እርሳስ አንሥታ ደመረች እዚያው እዚያ፤
"በአምስት ዓመት ይህ የመኪና ዋጋ ነው፤
ልዩነቱ፣" አለች፣ "ጎማ የሌለው ነው።"

ከብራጋ ኦቲሊያ በባቡር መጣች፤
አሮጌ ኮምፒውተር ደረጃ ሥር ተከለች፤
"ዋጋው አንድ ጊዜ፣ ለቤቱ ነው" አለች፤
የሰዉን ቁጥር እንኳ ሳትጠይቅ ሄደች።

ዛሬ አምስታችንም ገብተናል በአንዴ፤
"ማን ይውጣ?" የሚል ጠፋ፤ ናፈቀኝ እንዴ?
አንድ ቀን እንዲያውም ከቴልማ ጋር ተጋጨን፣
አንዱን ቀጠሮ ሁለታችን እኩል አርመን።

የኔ ካርድ በመጋቢት ጊዜው ያልቃል።
ግራሲንዳ ደብተር ላይ ቀኑ ተጽፏል፣
ከሚፈተሹት አሳንሰሮች ተርታ፣
ከልብስ ሰፊው ሕንጻ በታች፣ ባዶ በነበረ ቦታ።