ወንድም አምጪ

ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ ድልድዩ ወዝቷል፤
ስንት ዘመን ስንት እግር ልሶታል፣
መሐሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል፤
ጉድጓዷ ውሃ ይዛለች፣
ውሃዋ ቁራሽ ሰማይ፣
አንድ ቀይ ፋኖስም አለ፣ መንጋቱን ያልሰማ፣ ከነብርሃኑ የሚታይ።

ከሥሩ ጀልባዎች፣ ጥቁር ጣሪያ የደፉ፣
አፍንጫ ለአፍንጫ ተሰልፈዋል፣ ያደረባቸውን ዝናብ እያራገፉ።
ስልሳ ዩዋን ከፈልኩና ወረፋዬ ሲደርስ
ጎንበስ ብዬ ገባሁ፣ በጣሪያው ጠብታ አንገቴ እንዳይርስ።

ከሰሜን ነው የመጣሁት፣ በረዶው ገና ካልለቀቀው፤
እዚህ ግን አኻያው ፀጉሩን ፈቶ ቦዩ ላይ ሊታጠብ ነው፣
ወይዛዝርት የኪራይ ሐር ለብሰው፣ የጥንት ሙሽራ መስለው፣
በየደረጃው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከሐሩ ሥር ስኒከር ተጫምተው።

ቀዛፊዋ አሮጊት ናት። ነጭ አበባ የታተመበት
ሰማያዊ ሻሽ አስራለች።
መቅዘፊያዋ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል፣
ዝም ይላል፣ ሲጥ ይላል።
እግሯ ሥር ቅርጫት አለ፦ ለጋ የአኻያ ዘንግ፣
በቅጠል ጭማቂ የተለወሰ አረንጓዴ የሩዝ ድብልብል፣
አንድ ጠርሙስ አረቄ፣
አንድ ማበጠሪያ።
ማበጠሪያው ገረመኝ። አልጠየቅኩም።

«ስምሽ ማን ነው፣ እናቴ?» አልኳት፣ ዝምታው ሲከብደኝ፤
«ዪንዲ» አለች፤ «ስምም አይደል፣ ሥራ ነው የሰጡኝ።»
ፍቺው አይጠፋኝም፦ «ወንድም አምጪ» ነው፤
ሴት ላይ ሴት ስትወለድ አባት የሚመኘው።
«ሦስተኛዋ ነኝ። ለአባቴ ሲነግሩት
ፊቱን ወደ ቦዩ አዙሮ ጀልባ ሲቆጥር ዋለ አሉ፣ እስኪመሽበት።
ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሁሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣
‹ወንድም አምጪ፣ ውሃ አምጪ!
ወንድም አምጪ፣ ለሐር ትሉ ቅጠል አምጪ!›
እኔን በጠሩ ቁጥር ሌላ ሰው ነበር የሚሉ።»
ሳቀች። ጥርሷ ሦስት ነው፣ ሳቋ ሙሉ።

በድንጋይ ቅስት ሥር አለፍን፤ ድምፃችን ጨለመ፤
ከወዲያ ስንወጣ ወሬዋ ቀጠለ፦

«አመጣሁትም።
በአምስተኛው ዓመት፣ የጎመኑ ማሳ ሲያወጣ አበባ፤
ኮሳሳ፣ አልቃሻ፣ ጠግቦ የማያውቅ ቢጠባ ቢጠባ።
በጀርባዬ አሳደግሁት።
አድጎ ፀጉር ቆራጭ ሆነ፤ ያቺ ወንበር የሱ ነበረች።»
በአገጯ ጠቆመችኝ፤ ቦዩ ዳር የዛገች የብረት ወንበር፣
ሁለት ቱሪስቶች ተራ በተራ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ።
«ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን በስሜ አልጠራኝም።
ለምን ስለው፣ ‹መጥቻለሁ አይደል? ራሴን ልጥራ እንዴ?› ይለኛል።
‹እትዬ› ብቻ። ‹እትዬ›።
እስከ ባለፈው ጥር።»

ሦስተኛው ድልድይ ላይ መመለስ ነበረብን፤ ደንቡ ነው፣ ተጽፏል።
«ትቸኩያለሽ?» አለች።
መልሴን አልጠበቀችም። መቅዘፊያው ሲጥ አለ፣
ከተማው ከኋላችን እንደ ታጠፈ ጨርቅ ጠበበ፣ ቀለለ፣
ፊታችን ማሳው ተከፈተ፦ ቢጫ፣ ቢጫ፣
ዓይን የሚያስለቅስ ቢጫ።

ጀልባውን ጉቶ ላይ አሰረች፤ ቅርጫቷን ይዛ ወረደች።
እኔ ቀረሁ። ዝናቡ ጣሪያውን በጣቱ ይነካካል።
ከመቃብሩ ራስጌ አኻያውን ስትተክል፣
አረቄውን ስታፈስ አየሁ፤
ከዚያ በማበጠሪያው
አፈሩ ላይ ብቅ ያለውን ሣር
በቀስታ፣ ወደ አንድ ጎን፣
እንደ ሠርግ ቀን አበጠረችው።

ስንመለስ ድብልብሉን ሰጠችኝ፤ ገመጥኩት፤
ሣር ሣር ይላል፣ ይጣፍጣል።
አላወራንም።

መሳፈሪያው ላይ ትኬት ቆራጩ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣
የድምፅ ማጉያውን አፉ ላይ ደቅኖ፦
«ዪንዲ! ቀጣዩ የዪንዲ ተራ ነው! ዪንዲ!»
የሚጠራውን አያስብም።
እሷም ለምዳዋለች፤ ሻሿን አጠበቀች፣ መቅዘፊያዋን ያዘች።

እኔ ግን ደረጃው ላይ ቆምኩ፣
ዞሬ አየሁ፣
ምናልባት ከቢጫው ማሳ በኩል
የሚመጣ ሰው ካለ።