ጳጉሜ ሦስት

«የተሰፋ ሞልቶ ሳለ ጨርቅ መቅደድ ምን ሊረባ?»
አለች ዘሃራ፤ ጥቅሉን ጫነች፣ ሻዩ ሳይፈላ ገባ።
አፌን ያዝኩ። የጅማው ሆስፒታል መዝገብ በራ፤
እስከ ሌሊቱ ስምንት ድረስ አንድም ሳይል ሠራ።

ከማዋለጃ ክፍል ተደወለ፦ «ልጅ ተወልዶ
ቀኑን አልቀበል አለን!» ለካ ሰፊው ባሕር ማዶ
ዓመቱን ዐሥራ ሁለት ወር ላይ ቆርጦ ሰፍቶታል፤
ለጳጉሜ ልጅ አንዲት ኪስ መተው ረስቶታል።

ከምንጩ ጀመርኩ፤ ኮዱን ፈታሁ፣ ዐሥራ ሦስተኛዋን ጨመርኩ፤
መስመር በመስመር ሲገነባ፣ የአዌቱን ሙላት እየሰማሁ ቆጠርኩ።
ዘጠና አንድ ከመቶ ላይ
መብራት ሄደ።

ጄነሬተሩ አስሎ አስሎ ነቃ።
ዘሃራ በባትሪ አበራችልኝ። «እንደገና?»
«እንደገና።»

በካርቶን ቁራጭ ላይ፣ በአዋላጇ እስክሪብቶ፣
ልጁ ጳጉሜ ሦስት አደረ፣ እጆቹን ጨብጦ፣ ተኝቶ።